ሰርቪስ የተባለው ክፍል

ሞዐ ጢስ ዘእምነገደ ጓዳ!

ሥይምተ ምድጃ ይርጋነሽ፣ የድስትና የጋን ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ በቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ግቢ የማዕድ ቤት ባለ ሙሉ ሥልጣን! በቢቸና የምትኖር፣ ከደብረ ወርቅ ለገበያ የመጣህ፣ ከሞጣ ቆርቆሮ ጭነህ የገባህ ሁሉ ጆሮህን ስጥ! ይህች ሴት ሃያ ሰባት ዓመት በቅንነት ስላገለገለች፣ በሰሜን የማገዶው ክምር፣ በደቡብ የጠላው ጋን፣ በምሥራቅ የሽንኩርቱ ልጣጭ፣ በምዕራብ የዶሮዎቹ ቆጥ የሚያዋስነው መሬት ከነጢሱ ለእሷ ለራሷና ለሁለት ዓይኖቿ ርስት እንዲሆን ተፈቅዶላታል። ይህን ጢስ የሚጋፋት ቢኖር በሕግ ይቀጣል!

አዋጁ በነጋሪት አልተጎሰመም፤ በጋዜጣም አልወጣም። ቢሆንም በዚህ አገር ከታወጁት አዋጆች መካከል ሳይሻሻል፣ ሳይሻር፣ ይግባኝ ሳይባልበት እንደተጻፈው የሠራ እሱ ብቻ ነው።

ይርጋነሽ ወደ ቀኛዝማች ግቢ የገባችው ባሏ ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ በሞተ በዓመቱ ነው። በጀርባዋ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ቀኛዝማች ያን ጊዜ ገና ቀኛዝማች አልነበሩም። ማዕረጉን ያገኙት ኋላ፣ በስድሳው የግብር ሁከት፣ ጠዋት ከባላገሩ ጋር «አንከፍልም» ብለው፣ ከሰዓት በኋላ ከመንግሥት ጋር «እናስከፍላለን» ብለው ስለማሉ ነው። በሁለት መሐላ ላይ ሳይንገዳገድ የሚቆም ሰው ለአገር አስተዳደር በብርቱ ይፈለጋል።

የይርጋነሽ መኝታ ከምድጃው አጠገብ የተዘረጋ አጎዛ ነበር። እሳቱ እንዳይጠፋ መጠበቅም ሥራዋ ስለሆነ፣ ጌቶቿ መኝታዋንና ሥራዋን አንድ ቦታ ጠቅልለውላት ነበር። በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ ዓይኗ ማልቀስ ጀመረ። እሷ ሳታዝን ዓይኗ ብቻውን ያለቅሳል። እመይቴ አምሳለች፣ የቀኛዝማች ባለቤት፣ እንባው ወጥ ውስጥ እንዳይገባ ፈርተው ወደ ክሊኒክ ሰደዷት።

የክሊኒኩ ድሬሰር ከወለጋ ተመድቦ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ሁለቱን ዓይኖቿን ገልብጦ አያቸው።

«ግራው ሄዷል» አላት። «ቀኙ ግን ከጢሱ ከወጣሽ ይተርፋል። ቀን ሥሪ፣ እሺ፤ ማታ ግን ሌላ ቦታ ተኚ። እዚያው የምትተኚ ከሆነ አንድ ክረምት፣ ቢበዛ ሁለት ክረምት ነው።»

«ታዲያ የት ልተኛ ጌታየ?» አለችው።

ድሬሰሩ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ቅባት ነበረው፣ ጠብታ ነበረው። ለጥያቄዋ የሚሆን ግን አልተላከለትም።

ልጅዋ ባዘዘው ይህን የሰማው ከአውራ ጎዳና ሥራ በተመለሰ ሰሞን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የመንገድ ቀያሾችን የሜትር ጫፍ ይዞ ገደል ለገደል ሲሮጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ካምፕ ውስጥ ነዳፊው ሲነድፍ ከኋላው ቆሞ ሲያይ ከርሟል። ማንም ሳያስተምረው ተማረ። ሥራው ሲያልቅ በአንድ ረጅም ማስመሪያ፣ በስድስት እርሳስና በአንድ ጥቅል ወረቀት ተሰናበተ። ቢቸና ውስጥ ከሦስት ሎሌዎች ጋር በተከራየው ክፍል አራት ሰው በጎኑ ካልሆነ በጀርባው አይተኛም ነበር፤ እናቱን የሚያስገባበት ስንዝር የለውም። ግን ቤት መንደፍ ያውቃል። ለማን እንደሚነድፍ ያሰበው ያን ጊዜ ነው።

ዕድሉ በእግሩ መጣ። ቀኛዝማች ደብረ ማርቆስ ደርሰው አንድ ቪላ አይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ተወልደው ያደጉበት ቤት ሽታው አልስማማቸው አለ።

«አንተ የይርጋነሽ ልጅ» አሉት ምሳ ላይ አስጠርተው፤ «ፕላን ትነድፋለህ አሉኝ?»

«እሞክራለሁ ጌታየ።»

«እሞክራለሁ አትበለኝ! ያ ያየሁት ቤት እየተሞከረ አልተሠራም። ስማኝ፤ እኔ አንድ ሰው እመስላለሁ እንጂ አንድ ሰው አይደለሁም። ሹም ሲመጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብየ በሹካ እበላለሁ። ባላገር ሲመጣ መደብ ላይ ሁኘ ብርንዶየን በቢላ እቆርጣለሁ። ሹሙ ቢላውን ካየ ያልሠለጠነ ይለኛል። ባላገሩ ሹካውን ካየ ደግሞ…»

«ይንቅዎታል።»

«ይስቅብኛል! ንቀቱንስ እችለዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች አንድ ጣራ ይኑራቸው፣ ግን አይተያዩ። ሳሎን ለብቻ፣ እልፍኝ ለብቻ፣ በር ለብቻ።»

«ይቻላል ጌታየ።»

«ልጀ አካለ ወልድ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ሙዚቃ ይከፍታል። የነፍስ አባቴ ደግሞ ሲጸልዩ ኮሽታ አይወዱም። ለሁለቱም ክፍል አድርግ፣ አራርቃቸው። በጾም ቀን እንቁላል ስለሚያስጠብስም ሽታው ወደ አባ እንዳይሄድ።»

«በነፋሱ በኩል አየዋለሁ።»

«የሞጣ እስላሞች ወዳጆቸ ናቸው፤ ቆርቆሮውንም ምስማሩንም የሚያመጡልኝ እነሙሐመድጣሂር ናቸው። ሲያድሩ ሥጋችን አይገናኝም። ምድጃቸውም ድስታቸውም የራሳቸው ይሁን፤ አንድ ክፍል ከነማብሰያው።»

«በቅሎይቱስ?» አሉ እመይቴ አምሳለች።

«እሷማ መጀመሪያ ናት እንጂ!» አሉ ቀኛዝማች ተቆጥተው። «ምን የሚጠየቅ ነገር አለው?»

ለሹሙ ታሰበ፤ ለባላገሩ ታሰበ። ለጸሎት ታሰበ፤ ለዘፈን ታሰበ። ለክርስቲያኑ ሥጋ፣ ለእስላሙ ሥጋ፣ ለበቅሎዋ ጭድ ታሰበ። በዚያ ቤት ያልታሰበለት የአኗኗር ዓይነት አልነበረም። ይህ ሁሉ ሲነገር ይርጋነሽ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ከቀኛዝማች ትከሻ ኋላ ቆማ ነበር። ተናግረው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ። አስታጠበቻቸው።

ባዘዘው ቦታውን ሊለካ ሜትሩን ሲዘረጋ የሰፈሩ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። ከግብሩ ሁከት ወዲህ በዚያ አገር ሜትር የያዘ ሰው ከእባብ ይልቅ ይፈራል። «መሬታችንን ልትቀይስ ነው!» ብለው ከበቡት። ቀኛዝማች ወጥተው «የእኔን ነው የሚለካው፣ የእናንተን አይደለም» ባይሉ ኖሮ፣ የዚህ ታሪክ መጨረሻ በአጭሩ የቀብር ሥነ ሥርዓት ይሆን ነበር። ለእናቱም ምናልባት እሱ ይሻላት ነበር፤ ግን አልቸኩል።

ሦስት ሳምንት ነደፈ። ጠረጴዛ ስላልነበረው በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ በዚያ ላይ ነደፈ። ሥራው ጥሩ እንደነበረ ልመስክር፤ ጥሩ ሥራን መካድ አልችልም። በዘፈኑ ክፍልና በጸሎቱ ክፍል መካከል እህል የሚቀመጥበት ጎተራ አስገባ፤ ጤፍ ድምፅ ይውጣል። የሹሙን በር ወደ መንገዱ፣ የባላገሩን በር ወደ ጓሮው አዞረው፤ ሹሙ ሲወጣ ባላገሩ ሲገባ አይገጣጠሙም። የእስላሞቹ ክፍል የራሱ ምድጃ፣ የራሱ የውሃ ቦታ፣ የራሱ በር አለው። ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ቆመ።

በማዕድ ቤቱና በዋናው ቤት መካከል ደግሞ አንድ ትንሽ ክፍል አስቀመጠ። አራት እርምጃ በሦስት። ወለሉ ጣውላ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ። በሩ ከማዕድ ቤቱ በኩል አይደለም፤ ሲዘጋ አንድ ጭላጭ ጢስ አያስገባም። ከምድጃው እስከዚያ በር አሥር እርምጃ ነው። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ባዘዘው ለራሱ ብሎ የነደፋት ያቺን አራት በሦስት ብቻ ነበር።

አሁን ስም መጻፍ ቀረው። «የገረድ ክፍል» ብሎ ጻፈና ቀኛዝማች እንደሚሰርዙት ስላወቀ ፋቀው። «የይርጋነሽ ክፍል» ብሎ ጻፈና ከፊተኛው ይልቅ ፈርቶ ፋቀው። ወረቀቱ ሳስቶ ወዲያ ማዶ ሊያሳይ ደረሰ። «የእናቴ» ብሎስ? እሱን መጻፍ አልጀመረም፤ ስለዚህ መፋቅ አላስፈለገውም።

በመጨረሻ አንድ ቃል ትዝ አለችው። ካምፕ ሳሉ ከፈረንጆቹ ቤት ጀርባ አሽከሮች የሚያድሩባት ቤት ነበረች፤ «ሰርቪስ» ይሏታል። ባዘዘው የቅኔ ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ግን የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነውና ወርቁን በሰም መሸፈን ያውቅበታል። ጻፋት፤ ሰ፣ ር፣ ቪ፣ ስ። ጌታው ያላወቁትን አይሰርዙም። ቤቱ ይሠራ፤ እናቱ ትግባ፤ ከዚያ ማን ያወጣታል? እንዲህ አሰበ። ተንኮሉ ቆንጆ ነበር። የፈሪ ተንኮል ሁልጊዜ ቆንጆ ነው።

ቀኛዝማች ፕላኑን ዘርግተው በጣታቸው ሄዱበት።

«ይኸ ሳሎን። ይኸ እልፍኝ። ይኸ የአባ። ይኸ የበቅሎዋ። ይኸችስ ትንሿ?»

«ሰርቪስ ናት ጌታየ።»

ቀኛዝማች ዘመናዊ ቃል አላውቅም ከሚሉ ርስታቸውን ቢነጠቁ ይመርጣሉ።

«ኧረ ሰርቪስማ ያስፈልጋል!» አሉ። «ያለ ሰርቪስ ቤት፣ ቤት ነው እንዴ? እንዲያውም አሳንሰሃታል።»

ባዘዘው ያን ቀን ከእናቱ ዘንድ ሄዶ አጎዛዋ ላይ ተቀመጠ። «እምየ፣ መስኮት ያለው ክፍል ልታገኝ ነው» አላት።

«ማን ፈቀደ?»

«ፕላኑ።»

«ፕላኑ ማን ነው?» አለች። አዲስ ሹም የመጣ መሰላት።

ግድግዳው በጥር ቆመ። ወልደ ኪዳን የሚባል የደብረ ወርቅ ግንበኛ ነበር የሚሠራው። ባዘዘው ቆርቆሮ ሊያመጣ ሞጣ ተላከ። ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ቆርቆሮውን በጭነት መኪና አስጫኑለትና አንድ የእንጨት ሣጥን ደግሞ ከመደብሩ ራሳቸው ተሸክመው አወጡ።

«ይኸ የወይዘሮ አምሳለች አደራ ነው» አሉት። «ሸክላ ነው፣ ይሰበራል። ከቆርቆሮው ጋር አትጫነው። አንተ እቀፈው።»

ባዘዘው ከሞጣ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ቢቸና፣ በዚያ ጎድጓዳ መንገድ ሣጥኑን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሰውነቱን ከሥሩ እያስገባ ተከላከለለት። ቢቸና መግቢያ ላይ፣ ሣጥኑ ላይ በቀለም የተጻፈውን አነበበ፤ «ሰርቪስ፣ ፵፰ ፍሬ»። የመመገቢያ ዕቃ ነው፤ ሳህን፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የሾርባ ማውጫ፣ ጽጌረዳ የተሳለበት። ሳቀ። የሰው መኝታና የሳህን ክምር በአንድ ስም መጠራታቸው አስቂኝ መስሎት ነበር።

ሳቁን አብረን እንድንስቅለት ብዙ አልቆየም። በነጋታው ግንበኛው ፕላኑን ይዞ እመይቴ አምሳለችን «ይኸ ሰርቪስ የተባለው ለምንድን ነው እመቤቴ? መደርደሪያ ይወጣለታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እመይቴ አምሳለች ወረቀቱን አዩ፤ ሣጥኑን አዩ። ያው ፊደል ነው። እንባቸው መጣ።

«ይኸን ልጅ እግዜር ይባርከው!» አሉ። «ሰርቪስ ማስመጣቴን እንኳ በወጉ አልነገርሁትም፤ አስቀድሞ ክፍል አዘጋጀለት! እኔ ቡፌ ላይ ልደረድረው ነበር። አየህ፣ የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። አዎ፣ መደርደሪያ ይውጣለት፤ በሦስቱም ግድግዳ!»

ባዘዘው ሲመጣ ሦስተኛው መደርደሪያ እየተመታ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ቆመሃል?» አለው ወልደ ኪዳን ምስማር በከንፈሩ ይዞ። «ያማርሃል? ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ። እኔም ሳህን ሁኘ በተፈጠርሁ እያልሁ ነው።»

ያን ጊዜ ቢናገር የሚያስፈልገው መደርደሪያ መንቀል ብቻ ነበር። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገ ሹም መጣ። በማግስቱ ቀኛዝማች ተቆጥተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቀኛዝማች ደስ ብሏቸው ነበርና ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለገም። ለእናቱ ግን «ትንሽ ታገሽ» አላት። እሷ ሌላ ነገር አልለመደችም።

ሙሐመድጣሂር ለቤቱ ምረቃ ዋዜማ ከሞጣ መጡና በተሠራላቸው ክፍል አረፉ። ባዘዘው ነገሩን ከሥሩ ነገራቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ጢማቸውን ያዙ።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ «እኔ ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝ። ሃይማኖቴ ሌላ፣ ሥጋየ ሌላ። ግን ቀኛዝማችን ‹ምድጃየን ለብቻ› ስላቸው በአማርኛ ነው ያልኋቸው። እሳቸውም ሰሙኝ። አንተ የገዛ እናትህን ጉዳይ በምን ቋንቋ ነው የነገርሃቸው?»

«እፈራለሁ።»

«መፍራቱንስ ፍራ። እየፈራህ ተናገር። ነገ ሰው በተሰበሰበበት እጠብቅሃለሁ።»

ምረቃው የግንቦት እሑድ ነበር። አንድ ትልቅ ሹም ተጠርተው ሳሎን በሹካ ሲበሉ፣ ባላገሩ በጓሮ በር ገብቶ እልፍኝ በቢላ ሲቆርጥ፣ አባ በክፍላቸው ሲደግሙ፣ ማንም ማንንም አላየም። ፕላኑ እንደ ሰዓት ሠራ። የቀኛዝማች ልጅ አካለ ወልድም ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ በገዛ እጁ የጻፈው ሦስት ገጽ በራሪ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ደም ያፈላል። ያን ዕለት ጠዋት ግን የፈላው ሌላ ነበር፤ «ይርጋ! የመላጫ ውሃ በረደ እኮ!» ሲል ይርጋነሽ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ አፍልታለታለች። መሬት ላራሹ ይገባል፤ ሙቅ ውሃ ለማን እንደሚገባ ወረቀቱ አይናገርም።

ከምሳ በኋላ ሹሙ ቤቱን ይዞሩ ጀመር። ፕላኑን በእጃቸው ይዘዋል፤ ባዘዘው ከጎናቸው ይሄዳል።

«ሞጣ ለምሠራው ቤት እንዲህ ያለውን ትነድፍልኛለህ» አሉት። «ከዚያ ደግሞ ሥራ አላሳጣህም።» ትንሿ ክፍል ደረሱ። ፀሐይ ገብቶባታል፤ ሳህኖቹ በሦስት ግድግዳ ተደርድረው ጽጌረዳቸው ያበራል። «ይችስ ምን ትባላለች?»

«ሰርቪስ ናት ጌታየ» አሉ እመይቴ አምሳለች በኩራት። «ለሰርቪሳችን።»

አካለ ወልድ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እማማ! ኧረ በሕግ! ሰርቪስ እኮ የገረድ መኝታ ማለት ነው! አዲስ አበባ በየቪላው ጓሮ አለ። ባዘዘው ለይርጋ የነደፈውን ክፍል ሳህን አስተኛችሁበት?»

ይርጋነሽ ከሳሎን የሰበሰበችውን ስምንት ሳህን ደርባ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሙሐመድጣሂር ባዘዘውን አዩት። ቀኛዝማች ጆሯቸው ቀላ። በሹም ፊት፣ በገዛ ቤታቸው፣ አንድ ዘመናዊ ቃል አሳጣቻቸው።

«ባዘዘው» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጀ የሚለው እውነት ነው?»

ጥያቄው ከዚህ የበለጠ አይቀልም። መልሱ አንድ ቃል ነው። የልጁ ሳቅ ሳያስበው እውነቱን አውጥቶለታል፤ ለባዘዘው የቀረው «አዎ» ማለት ብቻ ነበር። ከ«አዎ» ወዲህ የሹሙ የሞጣ ቤት አለ፣ የቀኛዝማች ፊት አለ። ከ«አዎ» ወዲያ አንድ ቀኝ ዓይን አለ።

«አይደለም ጌታየ» አለ። «አዲስ አበባ እንደዚያ ሊሉት ይችላሉ። እኔ የነደፍሁት ለሳህን ነው።»

ቀኛዝማች ተነፈሱ። ሹሙ «በጣም ጥሩ ሐሳብ!» አሉ። አካለ ወልድ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሙዚቃው ሄደ፤ ቀልዱ አልሠራለትም። ይርጋነሽ ገብታ ስምንቱን ሳህኖች አንድ በአንድ በየቦታቸው አስቀመጠች። አንዱም አልተንኳኳ።

ሙሐመድጣሂር በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ባዘዘው መርገጫውን ያዘላቸው። ጎንበስ ብለው «ሳህኑን ከሞጣ ድረስ አቅፈህ ያመጣህ አንተ ነህ» አሉት። «እናትህን ከምድጃው እስከዚያ በር፣ አሥር እርምጃ…» ቀሪውን ሳይናገሩ ሄዱ።

እናቱ ስለዚያ ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ክፍሉ ያምራል» አለችው። «መስኮት ግን ለሳህን ምን ያደርግለታል?»

ከዚያ በኋላ ሳህኖቹን መወልወል የእሷ ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ትገባለች፤ በሩን ትዘጋለች፤ አርባ ስምንቱን ትወለውላለች። የቤቱ ሰው የማያውቀው፣ ወልውላ ስትጨርስ ጣውላው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ለፀሐይ ትሰጥ ነበር። ዓይኗ ያን ጊዜ አያለቅስም። በኅዳር አንድ ቀን እንቅልፍ ወሰዳትና እመይቴ አምሳለች አገኟት። አልመቷትም፤ ክፉ ሴት አይደሉም። «ምነው ይርጋ፣ ዕቃ ላይ ተወድቆ ይተኛል? ቢሰበርስ?» አሉና በሩን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ወዲያ በሩን እየከፈቱ እየዘጉ ሳህኖቹን በአንዲት ልጅ እግር ገረድ ያስወለውሉ ጀመር፤ የይርጋነሽ እጅ ሳህን ይሰብራል ተብሎ።

ድሬሰሩ በቃሉ የጸና ሰው ነበር። አንደኛው ክረምት አለፈ፤ በሁለተኛው፣ በስድሳ አራት ነሐሴ፣ ቀኙም ሄደ። ይርጋነሽ አሁን ወጡ መብሰሉን በድምፁ ታውቃለች፤ እሳቱን በፊቷ ታውቃለች። «ሳታይ ከማንም ይልቅ ታጣፍጣለች» እያሉ ቀኛዝማች ለእንግዳ ያስጎበኟታል። ለዚህም የሚሆን ክፍል ሳያሠሩ መቅረታቸው ይገርመኛል።

ባዘዘው ግን ወደ ሞጣ ተሻግሮ ሰው ሆነ። የሹሙን ቤት ነደፈ፤ ያን ያዩ ሁሉ «እንደዚያ ንደፍልን» አሉት። ፋሽን ነውና ሁሉም ከነሰርቪሱ ነው የሚፈልገው። ዛሬ ሞጣ ውስጥ ለሳህን ብቻ የተሠራ፣ መስኮት ያለው፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ክፍል ያለባቸው ዘጠኝ ቤቶች አሉ። ሳህኑ የሌላቸውም ክፍሉ አላቸው። አንድ ሰው ብቻ አስቸገረው፤ ሙሐመድጣሂር። ትንሿን ክፍል ሲነድፍላቸው እርሳሱን አስቆሙት።

«እዚህ ላይ ‹የዘይዳ መኝታ› ብለህ ጻፍ» አሉት። ዘይዳ የቤታቸው ወጥ ሠሪ ናት።

«ጋሸ፣ ፕላን ላይ የሰው ስም አይጻፍም።»

«ለምን? ወረቀቱ ይቀደዳል?»

ጻፈ። የፊደሉ ቅርጽ ከሌሎቹ ጠማማ ነው፤ አይቼዋለሁ።

ባለፈው የካቲት ባዘዘው ለራሱም ቤት ነደፈ፤ ሞጣ ላይ፣ በራሱ ቦታ። ፕላኑን ጠቅልሎ ቢቸና መጣ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳል ያዘው።

«እምየ፣ ልወስድሽ መጣሁ። ቤት ልሠራ ነው።»

«ለእኔም አለኝ?»

«አለሽ እንጂ! መስኮት አለው።»

ይርጋነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ፕላኑን አምጣው» አለች። «ጣቴን ይዘህ የኔ ቤት ላይ አድርግልኝ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋ። አመልካች ጣቷን ያዘ፤ ከሳሎኑ አሳለፈ፣ ከመኝታ ቤቱ አሳለፈ፣ ከቢሮው አሳለፈ፣ ጓሮ አደረሰ። አራት በሦስት።

«እዚህ ነው።»

ጣቷ እርሳሱን የሚሰማ ይመስል ወረቀቱን ዳሰሰች።

«ምን ተጽፎበታል?»

ባዘዘው የወረቀቱን ጫፍ ያቃና ጀመር።

«ንገረኝ እንጂ ልጀ። እኔ እንደሆነ አላነበውም።»

«ሰርቪስ» አለ።

ጣቷን መለሰች። ፕላኑን ራሷ ጠቀለለችለት፤ ጫፍ ከጫፍ አስተካክላ፣ እንደ ነጠላ። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞራ ጎንበስ አለችና እፍ አለች።

አሁንም እዚያው ናት። አንተ ይህን የምታነብ፣ ቤት የሠራህ ወይ ልትሠራ ወረቀት የዘረጋህ ወንድሜ፤ አንዲት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የምትበላውን የምታበስልልህን ሴት አሁኑኑ ከጓዳ ጥራት። ፕላንህን ፊቷ ዘርጋ። ጣቷን ያዝና…